ኪንታሮትና የቤት ውስጥ ሕክምናው በአራዳ፦ የሐፍረት ደዌ አጭር ታሪክ

የአገራችን የሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የወረርሽኝ ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። ፈንጣጣ፣ ኮሌራ፣ ታይፈስ፣ እንዲሁም በ1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ የወረደው የኅዳር በሽታ ጸሐፊ አላጡም። ሕዝብ የሚፈጅ ደዌ በዜና መዋዕልም ሆነ በተጓዦች ማስታወሻ መመዝገቡ አይቀርምና። ሰውን ሳይገድል ለዓመታት የሚያሠቃይ፣ ታማሚውም ለቅርብ ዘመዱ እንኳ የማይናገረው ደዌ ግን ከታሪክ ገጽ ላይ ቦታ አያገኝም። ኪንታሮት ከእነዚህ አንዱ ነው። በየቤቱ አለ፣ በየገበያው መድኃኒቱ ይሸጣል፣ በየግድግዳው ማስታወቂያው ይለጠፋል፤ ታማሚው ግን «ኪንታሮት አለብኝ» ብሎ ሲናገር እምብዛም አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ጥንታዊ እምብርት በአራዳ፣ በኋላም ፒያሳ በተባለው ሠፈርና በዙሪያው፣ ሰዎች ይህን ደዌ በቤታቸው ለማከም ምን ዐይነት መንገዶች እንደነበሯቸው ባለው ማስረጃ መጠን መመልከትና ለዛሬው የጤና ባለሙያ የሚሆነውን ትምህርት ማውጣት ነው። ከታሪኩ እንደምንረዳው የቤት ውስጥ ሕክምና ሁልጊዜም ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በምግብ፣ በመጠጥና በሞቀ ውሃ ማለዘብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሚያቃጥል መድኃኒት ደዌውን «ከነሥሩ መንቀል» ነው። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ጓዳ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ሕክምና አልተቈጠረም። ሁለተኛው አደገኛ ሆኖ ሳለ እውነተኛው መድኃኒት ተደርጎ ተወሰደ። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ጐልተው ይታያሉ፤ እነርሱም የደዌው ስምና ደዌው የሚያስከትለው ሐፍረት ናቸው።

አንድ ስም፣ የተለያዩ ደዌዎች

በአማርኛ «ኪንታሮት» የሚለው ቃል ቢያንስ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። በእጅ፣ በእግር ወይም በፊት ቆዳ ላይ በቫይረስ ምክንያት የሚበቅለው ጠጣር እብጠት ኪንታሮት ይባላል፤ በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ የሚያብጡት የደም ሥሮችም ኪንታሮት ይባላሉ። በዚያው አካባቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው የቫይረስ ኪንታሮት ደግሞ በሁለቱ መካከል ገብቶ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ከዚህም በላይ የፊንጢጣ ስንጥቅ፣ ፊስቱላ፣ አልፎ አልፎም የትልቁ አንጀት ጫፍ ካንሰር ሳይቀር በታማሚው አንደበት በዚሁ አንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል።

የስም አንድነት የሕክምና አንድነትን ይጠራል። የእጅ ኪንታሮት በቆዳ ላይ የበቀለ ባዕድ ነገር በመሆኑ በክር ወይም በፈረስ ጭራ አንቆ ማድረቅ፣ የዕፅዋትን ወተት ቀብቶ ማቃጠል ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቫይረሱ በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ሕክምናው የሠራ ይመስላል። ተመሳሳዩ አስተሳሰብ ወደ ፊንጢጣ ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ያለው አካል በቅሎ የወጣ ባዕድ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የሰውነት ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ስለሆነ «ሥር አለው፣ ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ይበቅላል» የሚለው እምነትም አብሮ ወረደ። ዛሬም በየማስታወቂያው «ያለ ቀዶ ሕክምና ከነሥሩ እናወጣለን» የሚለው ተስፋ ከዚሁ የስም መደባለቅ ጋር የተያያዘ ይመስላል።

በብራና ላይ የሰፈረው እውቀት

ባህላዊው የኢትዮጵያ ሕክምና በቃል ብቻ የተላለፈ አልነበረም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት፣ በተለይም ደብተሮች፣ «መጽሐፈ መድኃኒት» በሚባሉ የግዕዝና የአማርኛ ጽሑፎች የዕፅዋትን፣ የማዕድናትንና የእንስሳት ተዋፅኦዎችን አጠቃቀም መዝግበዋል። ፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የአንድን ኢትዮጵያዊ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳትሟል። ከእርሱ በኋላ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ሁለት ሰፊ ሥራዎች የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎችና የመድኃኒት ዕፅዋት ስሞች ለዓለም ምሁራን አቅርቧል። እነዚህን መጻሕፍት የሚገልጥ ባለሙያ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ለአንድ ደዌ በርካታ መድኃኒቶች ተደርድረው ይገኛሉ፣ ከዕፁ ቀጥሎም ጸሎትና አስማት ሊከተል ይችላል፤ ታማሚው ከመድኃኒቱ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አይነገርም።

በኋለኞቹ ዘመናት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች በተደረጉ የዕፅዋት ጥናቶች ለኪንታሮት ይውላሉ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት፣ የጦቢያ ወተትና ሥር፣ አዞ ሐረግ፣ እንዲሁም አሚራ ይገኛሉ። የእነዚህ ዕፅዋት ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፤ አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸውና። ሁሉም ሥጋን ያቆስላሉ። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳን የሚልጥ፣ ዐይን ውስጥ ቢገባ ለዕውርነት እስከማድረስ የሚሄድ መርዛማ ንጥረ ነገር ይዟል። አዞ ሐረግ ሲጨመቅ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን እንደ እሳት ያቈስላል። በአሚራ ሥር ውስጥ የሚገኘው ፕላምባጂን የተባለው ንጥረ ነገርም እንዲሁ ነው። የመድኃኒቱ አዋቂዎች ከዕፅዋት መካከል የሚያቃጥሉትን ለይተው ማወቃቸው የምልከታቸውን ጥራት ያሳያል። ችግሩ ያለው ከዕፁ ዕውቀት ላይ ሳይሆን ከደዌው ግንዛቤ ላይ ነው፤ የሚያቃጥል ነገር የተመረጠው የሚቃጠል ነገር አለ ተብሎ ስለታመነ ነው።

ለጤና ባለሙያ የጉዳቱን መንገድ ማስታወስ ተገቢ ነው። በፊንጢጣ ቦይ ውስጥ የጥርስ መሳይ መስመር ተብሎ ከሚታወቀው ወሰን በላይ ያለው ሽፋን የሕመም ስሜት አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ ከወሰኑ በታች ያለው ቆዳ ግን በሰውነታችን ውስጥ ሕመምን አጥብቀው ከሚሰማቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ከውጭ የሚቀባ ወይም የሚወተፍ የሚያቃጥል መድኃኒት በቅድሚያ የሚያገኘው ይህንኑ ቆዳ ነው። ቍስሉ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ሲኰማተር ቦዩ ይጠብባል። ታማሚው የወጣለት «ሥር» ነው ተብሎ የሚያሳዩት የበሰበሰ ሥጋም ብዙውን ጊዜ የራሱ ጤናማ ሕብረ ሕዋስ ነው። ከወራት በኋላ ሰገራ እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣ በብዙ ጭንቅ መውጣት ሲጀምር ሰውየው ወደ ቀዶ ሐኪም ይመጣል። የመጀመሪያው ደዌ በቀላሉ ሊታገሥ የሚችል ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ነው። እንዲህ ያለው የፊንጢጣ ጥበት ከልዩ ልዩ አገሮች በሕክምና ጽሑፎች የተዘገበ ሲሆን የእኛም ቀዶ ሐኪሞች የሚያውቁት ነው።

የአራዳ ገበያና የማይነገረው ደዌ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቈር የከተማይቱ ንግድ የተሰበሰበው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው የአራዳ ገበያ ነበር። በቅዳሜ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ እህሉን፣ ከብቱን፣ ቅመሙን፣ ጨርቁንና የመድኃኒት ዕፁን የሚገበያየው በዚሁ ስፍራ ነበር። በፋሽስት ኢጣልያ የወረራ ዘመን ገበያው ወደ ምዕራብ ተወስዶ መርካቶ ተባለ፤ አራዳም ከጣልያንኛው በመጣው ቃል ፒያሳ መባል ጀመረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ግን አራዳ ሸማቹ የመድኃኒት ዕፅዋቱንም የሚያገኝበት የከተማይቱ ዋና ገበያ ነበር።

በዚያን ዘመን የአንጀት ደዌ ሁሉ እኩል አሳፋሪ አልነበረም። ጥሬ ሥጋ መብላት የተለመደ በመሆኑ የኮሶ ትል በሰፊው የተሠራጨ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን በቤቱ ይውላል፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ሥራም አይሠራም። «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት በመኳንንቱም ሆነ በተራው ሰው ዘንድ የታወቀና የተከበረ ምክንያት ነበር። ሐፍረት የለበትም፣ ማብራሪያም አያስፈልገውም።

ኪንታሮት ይህ ዕድል አልገጠመውም። በደረቅ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቃተው ጸሐፊ፣ በበቅሎ መጋለብ የከበደው ነጋዴ፣ ከወሊድ በኋላ ደም የምታየው እናት የሚጠቅሱት የታወቀ ቀን፣ የሚያሳብቡበትም ስም አልነበራቸውም። ሁለቱም የአንጀት ደዌዎች ናቸው፤ ሁለቱም በሰገራ ጊዜ ይታወቃሉ። ልዩነቱ ማኅበረሰቡ ለአንደኛው ቋንቋና ሥርዐት ሲያበጅለት ለሁለተኛው አለማበጀቱ ነው። ስለዚህም ኮሶ በአደባባይ ሲታከም ኪንታሮት በድብቅ ታከመ። በድብቅ የሚታከም ደዌ ደግሞ ሁልጊዜ ፈጣን መፍትሔ ይፈልጋል፤ ለሳምንታት ተልባ መጠጣትና በውሃ መቀመጥ ቤተ ሰቡን ያስጠይቃል፣ አንድ ጊዜ ተቀብቶ የሚያልቅ መድኃኒት ግን ምስጢርን ይጠብቃል። የሚያቃጥለው መድኃኒት ከማለዘቢያው በላይ የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከአራዳ ቍልቍል፦ ፍል ውሃ

ከአራዳ ኮረብታ ወደ ደቡብ ሲወረድ ከተማይቱ ለተቈረቈረችበት ስፍራ ምክንያት የሆነው ፍል ውሃ ይገኛል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በዚህ ስፍራ ይሰፍሩ የነበረው ለውሃው ፈዋሽነት ነበር፤ እቴጌይቱም የስፍራውን ውበት ወደው በዚያ ቤት ማሠራታቸው የአዲስ አበባ መነሻ ሆነ። ቍርጥማት፣ የቆዳ ደዌና ልዩ ልዩ ሕመም ያለበት ሁሉ ወደዚያ ይወርድ ነበር። ዋና ከተማችን የተመሠረተችው በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ ሕመምን ያስታግሣል በሚል እምነት ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሞቀ ውሃ የፊንጢጣን ጡንቻ ያላላል፣ ሕመምንና ማሳከክን ያስታግሣል፣ አካባቢውንም ሳያሻክር ያጸዳል። ለዚህ ወደ ፍል ውሃ መውረድ ግድ አይደለም፤ ሰው በሚቀመጥበት ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተለይም ከሰገራ በኋላ መቀመጥ ይበቃል። ጨው፣ ዲቶል ወይም በረኪና መጨመር አያስፈልግም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንዲያውም ቆዳን ይጎዳሉ። በጥናት ረገድ በውሃ መቀመጥ ደዌውን ራሱን እንደሚያድን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ርካሽ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ታማሚውንም ያሳርፋል።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። «በቤት ውስጥ» የሚባለው ሕክምና ቤት ይጠይቃል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ በአራዳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙ ቤተ ሰቦች በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ኖረዋል፤ መጸዳጃ ቤቱም ለበርካታ አባወራዎች የጋራ ነበር። ወረፋ ያለበት፣ በሩ የማይዘጋ፣ ሌሊት የሚያስፈራ መጸዳጃ ቤት ሰው ሰገራውን እንዲይዝ ያስገድደዋል። የተያዘ ሰገራ ይደርቃል፣ የደረቀ ሰገራ ያስምጣል፣ ማማጥም ኪንታሮትን ያባብሳል። ስምንት ሰው በሚያድርበት አንድ ክፍል ውስጥ በሳፋ ውሃ መቀመጥም እንዲሁ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ከተማይቱ ባካሄደችው የኮሪደር ልማት በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተዛውረዋል፤ ይህን የመሰለው አኗኗር ግን በልዩ ልዩ ከተሞቻችን አሁንም አለ። ስለዚህ «ሙቅ ውሃ ላይ ተቀመጥ» ብሎ የሚያዝዝ ባለሙያ «የት?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።

ሐኪም ቤትና የመድኃኒት መደብር

ዘመናዊ ሕክምና በአዲስ አበባ መልክ የያዘው ከዐድዋ ድል በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ በመጣ ጊዜ ነው። ልዑኩ ያቋቋመው ሐኪም ቤት እስከ 1906 እ.ኤ.አ. ያገለገለ ሲሆን፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። በዚሁ ዘመን ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በከተማይቱ የመጀመሪያ የሆነውን ዘመናዊ የመድኃኒት መደብር ከፈተ። ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1912 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና በሰፊው ጽፏል፤ ባህላዊውንም መድኃኒት በጉጉት ተመልክቷል።

የመድኃኒት መደብር መከፈት ለኪንታሮት ታማሚ አዲስ በር ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪም ዘንድ መሄድ ልብስ ማውለቅን፣ መመርመርን፣ መታየትን ይጠይቃል። ከመደብር መድኃኒት መግዛት ግን ይህን አይጠይቅም፤ «ለወንድሜ ነው» ብሎ ቅባት መግዛት ይቻላል። ስለዚህም ዘመናዊው መድኃኒት ሳይቀር የቀድሞውን የድብቅነት ልማድ ወረሰ። ዛሬ በፋርማሲዎች የሚሸጡት ቅባቶችና በፊንጢጣ የሚገቡ እንክብሎች በአብዛኛው ማደንዘዣ፣ የደም ሥር ማጥበቢያ ወይም ስቴሮይድ የያዙ ናቸው። ለጥቂት ቀናት ሕመምን ያስታግሣሉ፤ መንሥኤውን ግን አይነኩም። ስቴሮይድ ያለባቸው ከአንድ ሳምንት በላይ ሲወሰዱ ቆዳን ያሳሳሉ። የፋርማሲ ባለሙያው ለዚህ ታማሚ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው፣ አንዳንድ ጊዜም ብቸኛው የጤና ባለሙያ መሆኑን መገንዘብ ይኖርበታል።

ባህላዊ ሕክምናን በተመለከተ የአገሪቱ ሕግ ለረጅም ጊዜ መካከለኛ አቋም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ የአካባቢው ማኅበረሰብ በሚያውቃቸው ሰዎች የሚሰጠውን ባህላዊ ሕክምና ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ አልከለከለም። ይህ ለብዙ ደዌ አስተዋይ አቋም ነው። ለኪንታሮት ግን በቂ አልሆነም፤ የሚያቃጥለው መድኃኒት ሕይወትን ባያሳጣም ሥራንና ትዳርን እስከማበላሸት የሚደርስ ጉዳት ያስከትላልና። በሕግ ፊት የሚያቀርበው ከሳሽም አይገኝም፤ ተጎጂው ደዌውን መናገር እንዳሳፈረው ሁሉ ጉዳቱንም መናገር ያሳፍረዋል።

ዓለምም ከማቃጠል የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው

በዚህ ረገድ የእኛ አባቶች ከሌላው ዓለም የተለየ ስሕተት አልሠሩም። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ስለ ኪንታሮት የተጻፈ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለ፤ ከሚያዝዛቸውም ሕክምናዎች አንዱ በጋለ ብረት መተኰስ ነው። በእንግሊዝ አገር የፊንጢጣ ደዌዎች የሚታከሙበት የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል በለንደን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1871 ሚቼል የተባለ የኢሊኖይ ሐኪም ካርቦሊክ አሲድ ከወይራ ዘይት ጋር ቀላቅሎ በመርፌ መስጠት ጀመረ፤ እንደሚነገረው ምስጢሩን ለዘዋሪ መድኃኒተኞች ሸጠው፣ እነርሱም ከመንደር መንደር እየዞሩ ያለ ቀዶ ሕክምና እንፈውሳለን እያሉ ብዙ ሰው ጎዱ። ምስጢርነቱ፣ ዘዋሪነቱና የሚሰጠው ተስፋ ከእኛ ከተማ ግድግዳዎች ማስታወቂያ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ይሏል።

ዘመናዊው ቀዶ ሕክምና መልክ የያዘው ሚሊጋንና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1937 ዘዴያቸውን ካሳተሙ በኋላ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባሮን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከእርሱ በፊት ብሌይስዴል የጀመረውን ዘዴ አሻሽሎ ኪንታሮትን በትንሽ የላስቲክ ቀለበት የማሰር ሕክምናን አስፋፋ። ቀለበቱ የሚታሰረው ሕመም ከማይሰማበት ወሰን በላይ በመሆኑ ታማሚው ያለ ማደንዘዣ ታክሞ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንቆ የማድረቅ ሐሳብ ጥንታዊ ነው፤ አዲሱ ነገር የት እንደሚታሰር ማወቁ ነው።

ትልቁ የአስተሳሰብ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቶምሰን በዚያ ዓመት ባሳተመው ጥናት ኪንታሮት የሚባለው ነገር በፊንጢጣ ቦይ ውስጥ በተፈጥሮ ከሚገኙ የደም ሥር ትራሶች የሚነሣ መሆኑን አሳየ። እነዚህ ትራሶች ቦዩ በሚገባ እንዲዘጋ ይረዳሉ፤ ደዌ የሚሆኑት የያዟቸው ድጋፎች ላልተው ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው። የዚህ ግኝት ትርጕም ግልጽ ነው፤ የሚነቀል ሥር የለም። ሕክምናው ትራሶቹን የሚገፋውን ነገር፣ ማለትም ማማጥንና የደረቀ ሰገራን ማስቀረት፣ ተንሸራተው የቀሩትን ደግሞ ባለሙያ እንዲያስተካክላቸው ማድረግ ነው።

ጓዳ ውስጥ ያለው መድኃኒት

ይህ ግንዛቤ የናቅነውን የቤት ሕክምና ወደ ክብሩ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የወጣ የጥናቶች ግምገማ 378 ሕሙማንን ያካተቱ ሰባት ጥናቶችን አሰባስቦ ፋይበር የሚባለው የምግብ አሰር የኪንታሮትን ደም መፍሰስ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል። ይህን ለማግኘት ከውጭ የሚገባ ዱቄት መግዛት ግድ አይደለም። ከነገለባው የተፈጨ ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጎመን በየገበታችን ይገኛሉ። ከሁሉም በላይ ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ የሚበጠበጠው ተልባ ሩብ ያህል ክብደቱ አሰር ነው፤ እናቶቻችን ለሆድ ድርቀት ሲሰጡት የኖሩት በምክንያት ነው። አሰር ያለ በቂ ውሃ ድርቀትን ሊያባብስ ስለሚችል ብዙ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል፤ ሆድ እንዳይነፋም መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል።

ስለ በርበሬ የሚነገረውም መታረም አለበት። ብዙ ታማሚዎች በርበሬ ኪንታሮትን ያመጣል ብለው ያምናሉ። በኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ2006 በ50 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ ጊዜ የተወሰደ በርበሬ የኪንታሮትን ሕመም እንደማያባብስ አሳይቷል። የፊንጢጣ ስንጥቅ ላለባቸው ግን በርበሬ ሕመሙን እንደሚያባብስ ከህንድ የወጣ ጥናት አመልክቷል። ስለዚህ በርበሬ ሲበላ አጥብቆ የሚያመው ሰው ኪንታሮት ሳይሆን ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል መመርመር ይገባዋል። ጫት በአንጻሩ የሆድ ድርቀት ያስከትላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከየመን የወጣ ጥናትም ጫትን ከኪንታሮት ጋር አያይዞታል። ለሚቅም ታማሚ ይህን መንገር ተገቢ ነው።

ከዚህ ሌላ ሰገራ ሲመጣ አለመያዝ፣ በመጸዳጃ ቤት ለረጅም ጊዜ አለመቀመጥ፣ አለማማጥ፣ በሸካራ ወረቀት ከመጥረግ ይልቅ በውሃ መታጠብ፣ መንቀሳቀስ ይመከራል። ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ኪንታሮት በብዛት ይታያል፤ በአብዛኞቹም ከወሊድ በኋላ ይሻላል። ለእነርሱም የመጀመሪያው ሕክምና ይኸው የምግብና የውሃ ሕክምና ነው።

የቤት ሕክምና ወሰን

የቤት ውስጥ ሕክምና ክብር የሚኖረው ወሰኑ ሲታወቅ ነው። ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። በአገራችን የአሜባ ተቅማጥ፣ የአንጀት ቢልሃርዝያና የፊንጢጣ ስንጥቅ ደም ያመጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲሁ። ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ደም፣ የክብደት መቀነስ፣ የሰገራ ልማድ መለወጥ፣ የደም ማነስ፣ በሆድ ወይም በፊንጢጣ የሚዳሰስ እብጠት፣ በቤተ ሰብ ውስጥ የካንሰር ታሪክ፣ እንዲሁም ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ሰው አዲስ የጀመረ መድማት ያለ ምርመራ መታለፍ የለባቸውም። ድንገተኛና ከባድ ሕመም ያለው እብጠት በውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቢታይ በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላል። በእጅ ካልተገፋ የማይመለስ፣ ወይም ከነጭራሹ የማይመለስ ኪንታሮት የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው። በቤት ሕክምና ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያልተሻለውም እንዲሁ ወደ ሐኪም ይላክ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ከመድኃኒት ይልቅ ቋንቋን ይመለከታል። አራዳ ለኮሶ ሥርዐት አበጀች፤ ለኪንታሮት ግን አላበጀችም፤ ያንን ክፍተት የሞላው የሚያቃጥለው መድኃኒት ነው። ዛሬ ክፍተቱን መሙላት የሚችለው በጤና ጣቢያና በፋርማሲ መስኮት የተቀመጠው ባለሙያ ነው። ታማሚው «ሆዴን ያመኛል»፣ «ወገቤን ያመኛል» ወይም «መቀመጥ ከብዶኛል» ብሎ ሲመጣ ፊቱ የተከዘ እንደሆነ፣ በሩን ዘግቶ፣ እንደ ዕድሜው «አባቴ» ወይም «እኅቴ» ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፦ «ሰገራ ሲወጡ ደም ይታያል? ይህ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፤ እስካሁን የተቀባ ወይም የገባ መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጓንት ማጥለቅና በጣት መመርመርም ሌላ ሁለት ደቂቃ ነው። የቁልቋል ወተት ከመቀባቱ በፊት የተጠየቀ ታማሚ ተልባና ሳፋ ይበቃው ይሆናል፤ ከተቀባ በኋላ የተጠየቀው ግን የሚጠብቀው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው።